ነጣ ያለው ግራሶ፦ የጀልባ ተሳቢህ ጎማ ለምን በየዓመቱ ይጮኻል?

ጥያቄው የመጣው ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከሚኖር አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ያገለገለች ባለ 17 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ አለችኝ። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ በሀይዌይ 6 ተራራውን አቋርጬ ጋሪባልዲ እወርድና ቲላሙክ ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ውኃ ውስጥ አስገባታለሁ። አምና የተሳቢው የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ተበላሽቶ አንድ ሰው ቀየረልኝ። ዘንድሮ ያው ጎማ እንደገና መጮኽ ጀመረ። ስመለስ መሃሉ እጅ ያቃጥላል፣ ቸርኬው በውስጥ በኩል ነጣ ባለ ግራሶ ተለቅልቋል። መብራቱም አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል። የተሻለ ኩሽኔታ ልግዛ ወይስ አክስሉን (ጎማዎቹ የተሰኩበትን ዘንግ) በሙሉ ልቀይር? ሰው ከኋላዬ ስለሚሰለፍ ጀልባዋን ከተሳቢው ጋር የሚያስረውን ሰንሰለት ወደ ውኃው ከሚወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ፈትቼ ነው ቶሎ የምወርደው፤ ጎማው መሃል መንገድ ላይ እንዳይዘኝ ፈራሁ።»

ወንድሜ፣ ከጎማው በፊት ስለ ሰንሰለቱ እንነጋገር። ጀልባዋ በኋላ በኩል ውኃው ላይ ስትንሳፈፍ በዓይንህ እስክታይ ድረስ የፊቷን ሰንሰለት አትፍታ። የዊንቹ (ጀልባዋን ወደ ተሳቢው የሚስበው መጠቅለያ) ቀበቶ ብቻውን አይበቃም። ቀበቶ በፀሐይና በጨው ይበሰብሳል፣ የዊንች ጥርስም ይሸራረፋል። ተሳቢህ ጀልባዋ የምትንሸራተትበት ሮለር ያለው ከሆነ ጀልባዋ ቁልቁለቱ ላይ ማንም ሳይገፋት ትሄዳለች፤ ወይ ኮንክሪት ላይ ትወድቃለች ወይ ከኋላ የቆመ ሰው ላይ። የተሰለፈው ይጠብቅ።

አሁን ወደ ጎማው። ከጻፍከው ሁሉ ዋናውን የነገረችኝ «ነጣ ያለ ግራሶ» የምትለዋ ናት። ግራሶ ወተት የሚመስለው ውኃ ሲቀላቀልበት ነው። ቸርኬውን በውስጥ በኩል ከለቀለቀ ደግሞ ከኋላ ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ግራሶ እንዳይወጣ ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋው ባለ ከንፈር የላስቲክ ክብ፣ አይዝም ማለት ነው። ስለዚህ የኔ ግምት ይሄ ነው፦ ኩሽኔታህን የገደለው ባሕሩ ነው፣ የገባውም በኋላ በኩል ነው። ሁልጊዜ ያው ጎማ ብቻ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ኦይል ሲሉ የሚቀመጥበት የአክስሉ ጫፍ በዝገት ተበልቷል፣ ወይ ቦይ አውጥቷል። እንደዚያ ከሆነ የዓለምን ምርጥ ኩሽኔታ ብታስገባ በሚቀጥለው በጋ ያው ነህ።

ውኃው እንዴት እንደሚገባ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ፤ ይሄ የገባው ሰው በየዓመቱ ኩሽኔታ መግዛት ያቆማል። ከፖርትላንድ ተነስተህ ተራራውን ወጥተህ ስትወርድ ጎማው ለሁለት ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ይሽከረከራል፣ ሃቡ (ኩሽኔታውን የያዘው የጎማው መሃል) ይሞቃል። ሃቡ ውስጥ ከግራሶው ጋር አየር አለ። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ በኦይል ሲሉ ከንፈር ሾልኮ ትንሽ በትንሽ ይወጣል። አንተ ደርሰህ በቀጥታ ወደ ውኃ ታወርደዋለህ። የኦሪገን ባሕር ደግሞ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። የሰሜን ነፋስ የላዩን ውኃ ከዳርቻው ሲያርቀው ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣና ሐምሌ ላይ እንኳ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። 60 ዲግሪ የደረሰ ሃብ 12 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲነከር የቀረው አየር በድንገት ይኮማተራል፣ ግፊቱም 14 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ሙቅ ውኃ ይዞ የነበረ ሃይላንድ ደፍተህ ወዲያው ከድነህ በረዶ ውስጥ ብትከተው እንደሚጨማደደው ማለት ነው። ሃቡ ግን ብረት ስለሆነ መጨማደድ አይችልም፤ ይስባል። የሚስበው ደግሞ ደካማው ቦታ ላይ ያለውን፣ ማለትም ኦይል ሲሉ ሥር የቆመውን ጨው ውኃ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱ የጥልቀቱ ይመስለዋል። ግማሽ ሜትር ውኃ የሚጨምረው ግፊት ግን 5 ከመቶ አይበልጥም። ዋናው የሚስበው ነው፣ የሚገፋው አይደለም።

በደቡብ ኦሪገን ዳርቻ ፖርት ኦርፎርድ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ይሄ ችግር የለባቸውም። እዚያ ከማዕበል የሚጠለል ወደብ ስለሌለ ጀልባውን በክሬን አንስተው ነው ባሕር ላይ የሚያስቀምጡት፤ ጎማ ውኃ አይነካም። እኔና አንተ ግን ተሳቢውን መንከር ግዴታችን ነው።

መከላከያው ትዕግስት ነው። ጋሪባልዲ ስትደርስ ወደ ቁልቁለቱ አትግባ። መኪና ማቆሚያው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁም። በዚያ ሰዓት የጀልባዋን የውኃ ማፍሰሻ ቡሽ ዝጋ፣ ገመድህን አዘጋጅ፣ የሕይወት ጃኬት ልበስ፣ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃው) ስለ ባሕረ ሰላጤው መውጫ ያወጣውን መረጃ እይ። ቲላሙክ መውጫ ላይ ማዕበሉ ሲከፋ ለትንንሽ ጀልባ ይዘጋል። ከዚያ ሃቡን በእጅህ ንካው። ለብ ካለ ይበቃል።

ጥገናው እንዲህ ነው። የመኪናውንና የግራውን የተሳቢ ጎማ በታኮ ያዝ፣ በክሪክ አንሳ፣ ከሥሩ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) አስገባ። ጀልባዋ ላይ ካለች ሰንሰለቷ እንደታሰረ ይሁን፤ ቤትህ ደጅ ላይ ብትሆንም አትፍታው። ክዳኑን፣ ፒኑን፣ ዳዶውን አውጥተህ ሃቡን ሳበው። የአክስሉን ጫፍ በነጭ ጋዝ አጥበህ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርህ ተሻገርበት። ጥፍርህ ካልያዘህና የላይ ዝገት ብቻ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እያሻሸህ አጽዳው፣ ርዝመቱን ተከትለህ ግን አትፈግፍግ። ጥፍርህን ከያዘው በላዩ የሚገባ ስስ የብረት እጅጌ ይሸጣል፤ አክስል ከመቀየር እሱ በብዙ ይረክሳል። አክስል የሚቀየረው ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ ተበልቶ ወይም ሙቀት አጥቁሮት ካገኘኸው ብቻ ነው።

ያ አምና የሠራልህ ሰው ምን እንዳደረገ አብረህ ታያለህ። እኔ የምጠረጥረው ኩሽኔታውን ቀይሮ ሃቡ ውስጥ ተመትቶ የሚገባውን የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት የድሮውን ትቶታል። ይሄ ያናድደኛል። የአዲስ ኩሽኔታ ሮለር በተቦረቦረ ቀለበት ላይ ሲሽከረከር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሱን ይበላል። ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት። ቁጥሩ ኩሽኔታው ላይ ተጽፏል፤ ኤል 44649 ከሆነ ቀለበቱ ኤል 44610 ነው። ቁጥር የሌለው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ላስቲክ የታሸገ የርካሽ ርካሽ አትግዛ። ውስጡ ያለው ኦይል ሲል ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ከንፈር ነው፣ ግራሶውም ውኃ ሲነካው ይታጠባል። ባለ ሁለት ከንፈርና ስፕሪንግ ያለው ኦይል ሲል፣ ለጀልባ ተሳቢ የተሠራ ግራሶ ግዛ። የድሮውን ግራሶ አንድም ሳታስቀር እጠብ።

ግራሶውን መዳፍህ ላይ አድርገህ በሮለሮቹ መሃል በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ሙላው። ኦይል ሲሉን በጠፍጣፋ እንጨት እኩል አስገባ፣ በመዶሻ ጠርዙን አትምታ። ጎማውን እያሽከረከርክ ዳዶውን አጥብቅ፣ ከዚያ ላላ አድርገህ በጣት ብቻ መልሰው፣ ፒኑን አስገባ። በጣም የጠበቀ ኩሽኔታ ያለ ውኃም ይሞቃል። ክዳንህ ስፕሪንግ ያለው ከሆነ በግራሶ ፓምፕ ስትሞላው ስፕሪንጉ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አቁም። «ይጥገብ» ብሎ እስኪተፋ የሚመታ ሰው ኦይል ሲሉን ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ያንተም በዚህ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል።

መብራቱ ቀላል ነው። ነጩ ሽቦ ከተሳቢው ብረት ጋር የታሰረበትን ብሎን ፍታ፣ ዝገቱን ፋቅ፣ መልሰህ አጥብቀህ ግራሶ ቀባው። ወደ ውኃ ከመውረድህ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ከመኪናው ንቀል። የሞቀ አምፖል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ከባሕር በወጣህ ቁጥር ተሳቢውን በንጹህ ውኃ እጠበው።

ሠርተህ ስትጨርስ ባዶ ተሳቢውን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳና ሁለቱንም ሃቦች ንካ። ሙቀታቸው ከተቀራረበ ጋሪባልዲ ሂድ። ባሕሩ ሲሸሽ የቁልቁለቱ ታችኛው ክፍል በአልጌ ያዳልጣል፣ ተሳቢውም ርቆ መግባት አለበት፣ ሰው የሚቸኩለውም ያኔ ነው፤ ሰንሰለቱን አሁንም አትፍታ፣ ከጀልባዋ ኋላም ልጅ አታቁም። ቀኙ አሁንም ከግራው ከበለጠ ግን አትጫንበት። ጥፍርህ የያዘበትን ቦታ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለካና ከፎቶው ጋር ላክልኝ፣ የእጅጌውን መጠን እነግርሃለሁ።