ከፍተሻ በወጣ በሁለተኛው ቀን የወደቀው አውሮፕላን፦ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ተከራይቶ ሲያበር ሞተሩ በአየር ላይ ጠፍቶ ሕይወቱ አለፈ። አውሮፕላኑ በየ100 የበረራ ሰዓቱ የሚደረገው ፍተሻ ካለቀለት ሁለት ቀኑ ነበር። የመርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት የሞተር ዘይት ቱቦ ማያያዣ ዳዶ ላልቶ መገኘቱን ይገልጻል። የጥገና ድርጅቱ «አብራሪው ሳይነሣ ማየት ነበረበት» ይላል፤ መድን ሰጪው ደግሞ ጥቂት ገንዘብ አቅርቦ እንድንፈርም ይወተውተናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሁሉ በፊት የምለምንዎ ያንን ሰነድ አሁን እንዳይፈርሙ ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ ብዙ ጊዜ ከፋዩን ብቻ ሳይሆን የጥገና ድርጅቱንም ሆነ የአውሮፕላኑን ባለቤት ከክስ ነጻ የሚያወጣ አንቀጽ ይይዛል።

«ማየት ነበረበት» የሚለው መከራከሪያ ያስቆጣኛል፤ መልስ ግን አለው። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ያያል፣ ከአውሮፕላኑ ሥር የፈሰሰ ነገር መኖሩን ይመለከታል፣ መሪውን ያንቀሳቅሳል። የሞተሩን ሽፋን ፈትቶ ዳዶ በመፍቻ አይፈትሽም። የላላ የግፊት ቱቦ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ላያፈስ ይችላል፤ የሚያፈሰው ሞተሩ ተነሥቶ ዘይቱ በግፊት ሲገፋ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ሲያዩ ዘይቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። የክንፍ መቆጣጠሪያ ኬብሎች ተገላቢጦሽ ታስረው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያንን መሪውን ወደ ግራና ቀኝ አዙሮ ክንፉን ያየ አብራሪ ይደርስበታል። ተከራካሪዎቹ የዘይት ግፊት መለኪያውን ማንሣታቸው ግን አይቀርም፤ መለኪያው ሲወርድ ለምን ቶሎ አላረፈም ይላሉ። ይህ ቢረጋገጥ እንኳ በብዙ አገሮች ሕግ ካሳውን ይቀንሳል እንጂ መብታችሁን አያጠፋም።

የመርማሪዎቹን ሪፖርት እንደ ፍርድ አትቁጠሩት። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል የሆነው የቺካጎ ስምምነት አባሪ 13 እንደሚለው የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል ነው፤ ጥፋተኛ መለየት አይደለም። በዚህ ምክንያት ብዙ ፍርድ ቤቶች መደምደሚያውን ለተጠያቂነት ማስረጃነት አይቀበሉም። የራሳችሁ የሞተር ባለሙያ ያስፈልጋችኋል፤ ባለሙያው ደግሞ ዳዶውን በዓይኑ ማየት አለበት። ምርመራው ሲያበቃ ስብርባሪው ለባለቤቱ ወይም ለመድን ሰጪው ሊመለስና ሊሸጥ ይችላል። ዛሬውኑ ለባለቤቱ፣ ለመድን ሰጪውና ለጥገና ድርጅቱ አንዳችም ነገር እንዳያስወግዱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ እምቢ ካሉ የፍርድ ቤት እግድ ጠይቁ።

የጥገና መዝገቡንና የሥራ ካርዱን (እያንዳንዱ ሥራ የሚመዘገብበትን ቅጽ) ቅጂ ጠይቁ። ዳዶውን ማን አጠበቀ? የማጥበቂያው መጠን ተመዝግቧል? ከሥራው በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ፍሳሽ ታይቷል? ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው? ሥራው መሐል ተቋርጦ ለተረኛ ተላልፎ ከሆነ በተለይ እዚያ ላይ አተኩሩ፤ በእጅ ብቻ ተጠብቆ የተረሳ ዳዶ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይፈጠራል። ሠራተኛው ቢሳሳትም ድርጅቱ አሠሪ በመሆኑ ይጠየቃል። ባለቤቱም አውሮፕላኑን ለበረራ ብቁ አድርጎ የማከራየት የራሱ ግዴታ አለበት።

የይርጋ ዘመን፣ ማለትም ክስ የሚመሠረትበት የጊዜ ገደብ፣ እንደየአገሩ ይለያያል። የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት የሁለት ዓመት ገደብ ዓለም አቀፍ መንገደኞችን ይመለከታል፤ ተከራይቶ ራሱ ያበረረን ሰው አይደለም። የመጨረሻው ሪፖርት ከ12 ወር በላይ ሊዘገይ ስለሚችል እሱን ስትጠብቁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። ወደ ጠበቃ ስትሄዱ የኪራይ ውሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ለጉዳት አንጠየቅም» የሚል አንቀጽ ካለበት የጥገና ቸልተኝነትንም ይሸፍን እንደሆነ መጀመሪያ እሱ ይመርመር።