ወርቃማው በር ለምን ተደፈነ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባለፈው ዓመት ለንግድ ኢስታንቡል ሄጄ ሳለ የጥንቷን የቁስጥንጥንያ ቅጥር ተመልክቼ ነበር። ነገሥታት በድል ይገቡበት ነበር የተባለው «ወርቃማው በር» ግን ሦስቱም ቅስቶቹ በግንብ ተሞልተዋል። ማን ደፈነው? ለምንስ?

መልስ፦ በሩ በአንድ ቀን የተደፈነ አይደለም፤ ከተማዪቱ በፈራች ቁጥር እየጠበበ ሄደ እንጂ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲሠራ የታሰበው ለክብር ነበር፤ ያሠራው ንጉሥ ቀዳማዊ ቴዎዶስዮስ ይሁን የልጅ ልጁ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል። የከተማዪቱ ታላቅ የየብስ ቅጥር በ413 ከተሠራ በኋላ፣ በ447 የመሬት መንቀጥቀጥ 57 ማማዎቹን ጣለ፤ ሁን የተባለው ነገድ ንጉሥ አቲላም እያሰጋ ስለነበር ሕዝቡ ተረባርቦ ቅጥሩን በ60 ቀን ውስጥ አቆመው። በውጭ በኩል ሁለተኛ ቅጥርና ሰፊ ጉድብ በመኖሩም፣ ወርቃማው በር የጌጥ መግቢያ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም።

በ1261 ንጉሥ ሚካኤል ስምንተኛ ከተማዪቱን ይዘዋት ከነበሩት ላቲኖች (የምዕራብ አውሮፓ መስቀል ጦረኞች) ካስመለሰ በኋላ፣ የእመቤታችን ዕረፍት በሚከበርበት ዕለት ሥዕሏን አስቀድሞ በእግሩ የገባው በዚሁ በር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የበሩ ታሪክ የጭንቀት ታሪክ ነው። ንጉሥ ዮሐንስ አምስተኛ ከአብያተ ክርስቲያናት በተወሰደ እብነ በረድ አካባቢውን አጠናክሮ ምሽግ ቢያደርገው፣ የኦቶማኑ ሱልጣን ባያዚድ በእጁ የነበረውን የዮሐንስን ልጅ ማኑኤልን ዓይኑን እንደሚያጠፋው ዝቶ ምሽጉን በራሱ በዮሐንስ እጅ አስፈረሰው። ሽማግሌው ንጉሥ ብዙም ሳይቆይ በ1391 ሞተ። እንደ እኔ ግምት በቅጥሩ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም።

ከተማዪቱን በ1453 የያዘው ሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ በበኩሉ ከበሩ በስተ ውስጥ ሦስት ማማዎች ጨምሮ፣ ከነባሮቹ አራት ጋር አገጣጥሞ የዲኩሌን፣ ማለትም «ሰባቱን ማማዎች» አስገነባ። ይህ ግንብ ግምጃ ቤትም እስር ቤትም ሆኖ አገልግሏል። አንድ ክርስቲያን ንጉሥ ተመልሶ በዚህ በር ይገባል የሚል ትንቢት ስለነበር ተደፈነ የሚለው ወሬ እጅግ የታወቀ ነው፤ ይሁንና ገንዘብና እስረኛ የሚጠብቅ ሰው ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሰፊ በር ክፍት እንዲተው ትንቢት መስማት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ዳግመኛ ከሄዱ ከመካከለኛው ቅስት በላይ ያለውን ድንጋይ ልብ ብለው ይዩት። በሩን ከወርቅ የሠራውን ቴዎዶስዮስን የሚያወድሰው ጽሑፍ የብረት ፊደሎቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ የተነበበው ፊደሎቹ ተተክለውባቸው ከነበሩት ቀዳዳዎች ነው።