ለወራት የሚዘልቅ የፓኬት ካፕቸር፦ ምን ዓይነት ማሽን እንግዛ?

ኔትወርክ የምታስተዳድሩ፣ ትራፊክ፣ ማለትም በመስመሩ የሚያልፉትን የመረጃ ቁራጮች (ፓኬቶች)፣ ለረጅም ጊዜ ለመቅዳት ስላሰባችሁት ማሽን ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። በሰከንድ እስከ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ አተኩራለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድም። የቢሮአችን ኔትወርክ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይቋረጥና ልናየው ስንሄድ ይመለሳል። የወር ትራፊክ በሙሉ የሚይዝ ማሽን ልገዛ ነው። ኮር አይ9 ይሻላል ወይስ ዚዮን?

መልስ፦ ፕሮሰሰሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የመስመርህን አማካይ ትራፊክ ከራውተሩ ግራፍ አንብብ፤ የሌሊቱንና የእሑዱንም ጨምር። አማካዩ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ይጻፋል፤ በቀን 1.08 ቴራባይት፣ በ30 ቀን ከ32 ቴራባይት በላይ ነው። ጊጋቢቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሞልቶ ቢውል በቀን 10.8 ቴራባይት ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብህ ዲስክ ላይ ይዋል። ፓኬት ተቀብሎ መጻፍ ብቻ ከሆነ መካከለኛ ባለ አራት ኮር ይበቃዋል።

ደግሞስ ወር ለምን? ኔትወርኩ ሲቋረጥ በዚያው ቀን የሚነግርህ ሰው ካለ፣ አሮጌውን ፋይል እያጠፋ የሦስት ቀን ትራፊክ የሚይዝ ማሽን ያንተን ችግር ይፈታል። ፓኬት መቅጃና ማሳያ ፕሮግራሙን ዋየርሻርክን ከፍተህ ለሳምንት አትተወው፤ ሜሞሪውን ይጨርሳል። አብሮት የሚመጣውን፣ መቅዳት ብቻ የሚሠራውን ደምፕካፕ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ገዝቻለሁ፤ ፈጣን ስለሆነ ይሻላል አይደል?

መልስ፦ ለዚህ ሥራ አይሻልም። ብዙዎቹ ባለ 1 ቴራባይት የገበያ ኤስኤስዲዎች ዋስትናቸው በድምሩ 600 ቴራባይት እስኪጻፍባቸው ድረስ ነው። በቀን 1.08 ቴራባይት ከጻፍክበት በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያን ታሟላለህ። መጀመሪያ የሚጻፍበት ፈጣኑ የውስጥ መሸጋገሪያው (ካሹ) ሲሞላም የመጻፍ ፍጥነቱ ይወርዳል። ሲስተሙን እሱ ላይ ጫን፤ ቅጂውን ለደህንነት ካሜራ ተብለው በተሠሩ ሃርድ ዲስኮች ላይ አድርግ፤ ቀን ከሌት ለመጻፍ የተዘጋጁ ናቸው።

ስትገዛ ሃርድ ዲስኩ ሲኤምአር (የጽሑፍ መስመሮቹ የማይደራረቡበት) እንጂ ኤስኤምአር (የሚደራረቡበት) አለመሆኑን አረጋግጥ። በ2020 ትልልቆቹ ሦስት አምራቾች ኤስኤምአር ዲስኮችን በግልጽ ሳይናገሩ ሲሸጡ እንደነበር ታውቋል። ኤስኤምአር ፋታ በሌለው የማጥፋትና የመጻፍ ሥራ ላይ ይንቀራፈፋል። ዲስክ ወደ መሃል ሲሞላ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል እንደሚቀንስም አስብ፤ ሂሳብህን በዝቅተኛው ሥራ።

ጥያቄ፦ ስዊቹ ላይ ሚረር ፖርት (የሌላውን ፖርት ትራፊክ ቅጂ የሚያወጣ) ከፍቼ ነው የምቀዳው። ታፕ (መስመሩ መሃል ገብቶ ትራፊኩን የሚገለብጥ መሣሪያ) ግዴታ ነው?

መልስ፦ ትራፊኩ ቀላል ከሆነ ሚረር ይበቃል። ነገር ግን የ1 ጊጋቢት መስመር መጪና ሂያጁ ሲደመር እስከ 2 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ሚረሩ የሚወጣው ግን በአንድ የ1 ጊጋቢት ፖርት ነው። የተረፈውን ስዊቹ ይጥለዋል። ደምፕካፕ ያልደረሰውን ፓኬት ሊቆጥር ስለማይችል ምንም እንዳልጠፋ ይነግርሃል፤ አንተም መስመሩ ላይ የጠፋ መስሎህ ያለ ጥፋቱ የኢንተርኔት አቅራቢውን ትከሳለህ። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው። ቅጂ የሌለው ሰው ቢያንስ እንደሌለው ያውቃል።

ታፕ ብዙውን ጊዜ ለየአቅጣጫው አንድ፣ በድምሩ ሁለት መውጫ አለው። ስለዚህ ማሽንህ ለቅጂ ሁለት፣ ለራስህ መግቢያ አንድ ፖርት ይፈልጋል። አራት ፖርት ያለው የኢንቴል አይ350 ካርድ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ጥሩ ነው። ካርዱ ላይ ጂአርኦና ኤልአርኦ የሚባሉትን ፓኬት አዋሃጅ ቅንብሮች አጥፋ፤ አለዚያ ፓኬቶቹ ተዋህደው መስመሩ ላይ ያልነበሩ ግዙፍ ፓኬቶች ታያለህ።

ጥያቄ፦ ራስበሪ ፓይስ?

መልስ፦ ከእነዚህ ትንንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተሮች ፓይ 4 ለአነስተኛ ቢሮ ይሆናል፤ ቅጂው በዩኤስቢ ዲስክ ላይ እንጂ በሚሞሪ ካርድ ላይ አይሁን። የቀድሞው ሞዴል 3ቢ+ ግን በሰከንድ ከ300 ሜጋቢት ገደማ አያልፍም።

ጥያቄ፦ የምሠራው ክሊኒክ ውስጥ ነው። የታካሚ መረጃ አብሮ እንዳይቀዳ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግንኙነትን ምስጢር ይጠብቃል። ከእያንዳንዱ ፓኬት የመጀመሪያውን 128 ባይት ብቻ ያስቀምጡ። ከይዘቱ ጥቂት ሊገባ ስለሚችል ዲስኩን ኢንክሪፕት ያድርጉ፤ ማን እንደሚያየውም በጽሑፍ ይወሰን። የፓኬቱ አማካይ መጠን 800 ባይት ቢሆን የሚይዘው ቦታ ከአምስት እጅ አንዱን አይሞላም። አብዛኛው ትራፊክ የተመሰጠረ ስለሆነ ለብልሽት ፍለጋ የሚያጡት ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ መብራት ይጠፋል። ቅጂው ይበላሻል?

መልስ፦ ዩፒኤስ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ፤ ስዊቹንና ታፑንም ይሸከም። ፋይሉን በየ1 ጊጋባይቱ ቁረጠው። ድንገት ቢጠፋ በአብዛኛው የሚጎዳው በመጻፍ ላይ የነበረው የመጨረሻው ፋይል ነው፤ እሱም እስከተቆረጠበት ድረስ ብዙውን ጊዜ ይነበባል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ ባዮሱ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ላይ አስተካክል፤ ሰዓቱም ከኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል አገልግሎት) ጋር ሳይስማማ መቅዳት አይጀምር።