መልስ፦ ለገበሬው አባቴ ስማርት ስልክ ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ ፎገራ ላሉት አባትህ ስማርት ስልክ ብትገዛላቸው ኑሯቸው ይሻሻል እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ አትቸኩል ባይ ነኝ። መጀመሪያ በያዟት ባለ ቁልፍ ስልክ 8028 ላይ ይደውሉ። ነፃ ነው፣ በአማርኛ ነው፣ ቁጥር እየተጫኑ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ምክር ይሰማሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ግን ስንቱ ገበሬ ያውቀዋል?

እኛን የጠቀመን ደግሞ ተራ የስልክ ጥሪ ነው። አጎቴ ሽንኩርት ያመርታል። ድሮ ደላላው ማሳው ድረስ መጥቶ «ባሕር ዳር ገበያው ሞቷል» ሲለው አምኖ በርካሽ ይሸጥ ነበር። አሁን ሽንኩርቱን ከመንቀሉ በፊት ማታ ይደውልልኛል፣ እኔም ጠዋት ገበያ ወርጄ የጅምላ ዋጋውን ጠይቄ እነግረዋለሁ። ደላላው አልጠፋም፤ መኪናውም ሚዛኑም የሱ ነው። ግን እንደ ድሮው አይቀልድበትም።

ቴሌብር ካወጣህላቸው የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገሩ አደራ በላቸው። የአጎቴን የሚስጥር ቁጥር ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፎ አግኝቼዋለሁ! መብራት ከሌላቸው ደግሞ ለስማርት ስልኩ ባሰብከው ብር ትንሽ ሶላር ግዛላቸው፣ ስልካቸው ገበያ ቀን እንዳይዘጋ።