የካር-ቲ ሕክምና የጎንዮሽ ጉዳት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ካንሰሩን የሚያጠፋው ሕክምና ታማሚውን ለምን ይጎዳል?

መልስ፦ ጉዳቱም ፈውሱም የሚመጣው ከአንድ ሥራ ነው። በካር-ቲ ሕክምና ከታማሚው ተወስደው፣ ካንሰሩን እንዲያጠቁ በዘረመል ተለውጠው ወደ ሰውነት የተመለሱት ቲ ሴሎች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ዒላማቸውን ሲያገኙ ይባዛሉ፣ ሳይቶካይን (በሽታ ተከላካይ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ይረጫሉ። በዚህ የተቀሰቀሱ ማክሮፋጆች (ሌላ ዓይነት የመከላከያ ሴሎች) ደግሞ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-1 የተባሉ ሳይቶካይኖችን በብዛት ያመነጫሉ። ትኩሳቱ፣ የደም ግፊት መውረዱና የኦክስጅን እጥረቱ በአብዛኛው ከዚህ ነው። ካንሰሩ በበዛ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል፤ ሴሎቹ እስኪዘጋጁ ካንሰሩን የሚገታ መሸጋገሪያ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ትኩሳት ከመጣ ፓራሲታሞል ወስጄ እስከ ነገ ብጠብቅስ?

መልስ፦ አይጠብቁ። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ለሕክምና ቡድኑ ይደውሉ። ፓራሲታሞል የሙቀቱን ቁጥር ያወርዳል እንጂ ከሥር ያለውን አያቆምም። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰው ደግሞ ትኩሳቱ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ በመልክ መለየት ስለማይቻል የደም ካልቸር (ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ተወስዶ አንቲባዮቲክ ይጀመራል።

ይህ የሳይቶካይን ጉዳት በደረጃ ይለካል፦ ትኩሳት ብቻ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው። ግፊት ከወረደ ወይም ቀላል የኦክስጅን እርዳታ ካስፈለገ ሁለተኛ፣ ግፊት ማንሻ መድኃኒት ከተጀመረ ሦስተኛ ይሆናል። ከሁለተኛው ጀምሮ የተለመደው ቶሲሊዙማብ (የኢንተርሉኪን-6ን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት) ነው፦ በኪሎ ክብደት 8 ሚሊግራም (ከ30 ኪሎ በታች 12)፣ በአንድ ጊዜ ከ800 ሚሊግራም ሳይበልጥ። ቢያንስ 8 ሰዓት እየተጠበቀ በድምሩ እስከ 4 ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። መድኃኒቱ ሴሎቹ ከመሰጠታቸው በፊት በእጅ መኖር አለበት፤ ትኩሳቱ ከመጣ በኋላ መፈለግ መጀመር ትልቅ ጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ ቶሲሊዙማብ ወስዶ ግራ መጋባት የጀመረው ታማሚ ለምን አልተሻለውም?

መልስ፦ መድኃኒቱ ከደም ወደ አንጎል በደንብ አያልፍም። ኢንተርሉኪን-6 የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ስለሚዘጋም በደም ውስጥ ያለው ኢንተርሉኪን-6 ለጊዜው ይጨምራል። እንደ ግራ መጋባት ላለው የነርቭ ጉዳት ዋናው ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። ስቴሮይድ ሴሎቹን ያዳክማል ብሎ ማዘግየት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ አንጎሉ ያበጠ ሰው ጊዜ የለውም።

ጥያቄ፦ አስታማሚ ምኑን ይይ?

መልስ፦ የእጅ ጽሑፉን። ታማሚው በየቀኑ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ፊደሉ ሲበላሽ ሌላው ምልክት ገና ላይታይ ይችላል። ከ100 ወደ ኋላ በ10 በ10 ይቁጠር፣ ሦስት ዕቃ በስም ይጥራ። ቃል መጥፋት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ካለ ወዲያው ይደወል።

ጥያቄ፦ ከወራት በኋላስ?

መልስ፦ ሲዲ19ን (በቢ ሴሎች ላይ ያለ ምልክት) የሚያጠቁት የካር-ቲ ሴሎች ፀረ እንግዳ አካል የሚመነጭባቸውን ጤነኛ ቢ ሴሎችንም ስለሚያጠፉ ፀረ እንግዳ አካል ያንሳል። አይጂጂ (ዋናው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከወረደና ኢንፌክሽን ከተደጋገመ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል፣ ይሰጣል። ኢንፌክሽን የሚከላከሉት አሲክሎቪርና ኮትሪሞክሳዞል ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላሉ። ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ጀርም ያለበት) ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይወሰድም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 መጀመሪያ ስለ አዲስ የቲ ሴል ካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር አዟል፤ ብርቅ ነው፣ ክትትሉ ግን ዕድሜ ልክ ነው።