ጮቄ ላይ ቀድሞ የወጣ ሁሉ ለምን ያሸንፋል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ለተባለው የኮምፒውተር ጦርነት ጨዋታ የሁለት ሰው ራንደም ማፕ (በየጨዋታው አዲስ ሆኖ የሚወጣ ካርታ) ሠርቻለሁ። መሃሉ ላይ የጮቄ ተራራ አለ፤ ከጮቄ የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች ይወርዳሉ። ሰዉ እንዲፋለም ብዬ ትርፍ ወርቁን ሁሉ ተራራው ላይ አደረግሁት። ችግሩ፣ ሁልጊዜ ቀዩ ተጫዋች ያሸንፋል። ጓደኞቼ «ካርታህ ያዳላል፣ አንጫወትም» አሉኝ። ስክሪፕቱን (ካርታውን የሚያወጣውን የትእዛዝ ጽሑፍ) ልኬልዎታለሁ። ደግሞስ እንዲህ ያለ ካርታ ላይ አጨዋወቱ እንዴት ነው?

መልስ፦ ጓደኞችህ እውነታቸውን ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቼ አየሁት። ለጀማሪ ንጹህ ሥራ ነው። ቦታ አሰጣጡ ላይ ግን ቀዩን 50 በ30፣ ሰማያዊውን 20 በ80 ላይ አስቀምጠሃቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች የካርታው ጎን መቶኛ ናቸው። የሁለት ሰው ካርታ ጎኑ 120 ካሬ (የካርታው ትንሽ አራት ማዕዘን) ነው፤ ጮቄህ ደግሞ 50 በ50 ላይ ተቀምጧል። እስቲ አስላው። ቀዩ ከተራራው 24 ካሬ ይርቃል፣ ሰማያዊው 51 ገደማ። የሰማያዊው ገበሬ ወርቁ ጋ እስኪደርስ የቀዩ ሰው ካምፑን ሠርቶ መቆፈር ጀምሯል።

በዚያ ላይ ከፍታው አለ። በዚህ ጨዋታ ከላይ ወደ ታች የሚመታ ወታደር ጉዳቱ 25 በመቶ ይጨምራል፤ ከታች ወደ ላይ የሚመታው 25 በመቶ ይቀንስበታል። ቀድሞ የወጣው ወርቁንም ከፍታውንም ያዘ ማለት ነው። ለነገሩ የጎጃም ሰው ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልገውም።

ስለዚህ «ክሬት ላንድ» ብለህ የጻፍከውን ትእዛዝ አጥፋና «ክሬት ፕሌየር ላንድስ» ተጠቀም። ይኼኛው ተጫዋቾቹን በካርታው መሃል ዙሪያ ክብ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሁለቱም ከጮቄ ተቀራራቢ ርቀት ይኖራቸዋል፤ የሚደርሳቸው ጥግ ግን በየጨዋታው ይቀያየራል። አንተ ቦታቸውን ቸንክረኸዋል። ባላጋራህ የት እንዳለ ገና ሳይጀመር ካወቅህ ስካውቱ (ቃኚው ፈረሰኛ) ምን ሊሠራ ይወጣል? መቀያየር ያለበት መልኩ ነው፤ ወርቁ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ጫካው በየት በኩል ይከፈት። መጠኑ ለሁለቱም እኩል ይሁን።

ወደ ወርቁ ልምጣ። በተለመዱት የውድድር ካርታዎች አንድ ተጫዋች ቤቱ አጠገብ 7፣ ራቅ ብሎ 4 እና 4 የወርቅ ክምር ያገኛል። አንዱ ክምር 800 ነው፤ ሲደመር 12,000። አንተ 7ቱን ብቻ ሰጥተህ የቀረውን ጮቄ ላይ ቆለልከው። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንዱን 4 መልስለት። የጮቄው ወርቅ ጉርሻ ይሁን እንጂ እንጀራው አይሁን።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስክሪፕቱ ዕቃዎቹን የሚያስቀምጠው በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። ቦታ ካጣ ዝም ብሎ ይዘላል፤ «አልቻልኩም» ብሎ አይነግርህም። አንተ ነጠላ ዛፎቹንና ጌጣጌጡን ከወርቁ በፊት ጽፈሃቸዋል። ወርቁን፣ ድንጋዩንና ከርከሮውን ወደ ላይ አውጣ። ከዚያ በሲናሪዮ ኤዲተሩ (በጨዋታው ካርታ ማዘጋጃ) ካርታውን በተለያየ ሲድ (የዕጣ ቁጥር) ደጋግመህ እያወጣህ የሁለቱንም ቤት ንብረት በዓይንህ ቁጠር። በየመሃሉ ሴቭ ማድረግ አትርሳ፣ የእኛን መብራት ታውቀዋለህ።

አጨዋወቱን በተመለከተ፣ ስካውትህ መጀመሪያ የራስህን ሰፈር ይዙር። በጎቹን፣ ሁለቱን ከርከሮዎች፣ ቀጥሎ ወርቅህን ይፈልግ። ወርቅህ በጠላት በኩል ከሆነ ጮቄን ለጊዜው ተወውና አጥርህን ሥራ። ከኋላህ ከሆነ እጅህ ነጻ ነው፤ ቀስተኛ ይዘህ በጊዜ ውጣ። መልካዎቹንም ልብ በላቸው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ግንብ መገንባት አይቻልም፤ ግንቡን የምታቆመው በራስህ ዳር ነው። ደግሞ ለየወንዙ አንድ መልካ ብቻ ነው የሰጠኸው። ሁለተኛ ጨምርበት፣ አለዚያ አንዴ ያጠረ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኢትዮጵያን መርጬ ብጫወት ያዋጣኛል ወይስ እንዲያው የአገር ፍቅር ብቻ ነው? እህትዎ ከቡሬ።

መልስ፦ ያዋጣሻል እንጂ! ኢትዮጵያውያን ወደ ጨዋታው የገቡት በ2015 እ.ኤ.አ. አፍሪካን ኪንግደምስ ከተባለው የጨዋታው ማስፋፊያ ጋር ነው። ቀስተኞቻቸው 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። አዲስ ዘመን በተሻገርሽ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይመረቅልሻል። ልዩ ወታደሮቻቸው ሾተለኞቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ምታቸውም ያስፈራል፤ ቀስት ግን አይቋቋሙም። ቀስተኛ ወዳለበት ኮረብታ አትስደጃቸው። እነሱን ለማሠልጠን ካስል (ትልቁ ምሽግ) ያስፈልግሻል፤ ካስል ደግሞ 650 ድንጋይ ይፈጃል፣ ስለዚህ ድንጋይሽን በግንብ አትጨርሺው።