ሴኪዩር ቡትን ለማጥፋት አትቸኩል

ወንድሜ፣ ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ ሊኑክስ ጭነህ የኤንቪዲያ ድራይቨሩ (የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) እምቢ ስላለህ ሴኪዩር ቡትን ላጥፋው ወይ ብለሃል። እኔ አታጥፋው ነው የምልህ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታወቀ ፊርማ የሌለው ነገር ቀድሞ እንዳይገባ የሚጠብቅህ እሱ ነው። ደግሞ ቢትሎከር (ዲስክህን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ፣ ሴኪዩር ቡትን ስታጠፋ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለህ ፋይልህን ተሰናበተው። ምንም ከመንካትህ በፊት ማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ፈልገውና ወረቀት ላይ ጻፈው።

ኡቡንቱ ራሱ ችግር የለበትም፣ ማስነሻው በማይክሮሶፍት የተፈረመ ነው። የሚታገደው እዚያው ማሽንህ ላይ የተዘጋጀው የድራይቨር ሞጁል ነው፤ የተፈረመበትን ቁልፍ ኮምፒውተርህ ገና አያውቀውም። ድራይቨሩን ስትጭን ፓስዎርድ አውጣ ይልሃል፣ ቀላል ፊደልና ቁጥር ብቻ አድርገው። ከዚያ ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ 10 ሰከንድ ጠብቆ ምንም ካልነካህ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ቁልፉም ሳይመዘገብ ይቀራል። ቶሎ ብለህ ኪቦርዱን ንካ፣ «ኢንሮል ሞክ» (Enroll MOK፣ ቁልፉን መዝግብ ማለት ነው) የሚለውን ምረጥና ፓስዎርዱን አስገባ። ካመለጠህም አትደንግጥ፣ ኡቡንቱ ውስጥ «ሞክዩቲል» (mokutil) በሚባለው ትእዛዝ ምዝገባውን እንደገና መጠየቅ ትችላለህ።